«በታማኝነት አገልግለዋል» ከማለታችን በፊት፦ የሠራተኛ አያትን የሕይወት ታሪክ አጻጻፍ

ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። «አቶ እገሌ ከአባታቸው ከአቶ እገሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት በዚህ ቦታ ተወለዱ» ብሎ ይጀምራል። ጋብቻ ይከተላል፤ ልጆችና የልጅ ልጆች ይቆጠራሉ። ከዚያ «በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ይባላል። መሐል ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «በፋብሪካው ለረጅም ዓመታት በቅንነትና በታማኝነት አገልግለዋል።» ሰውየው ዕድሜውን የጨረሰበት ሥራ በዚያች መስመር ያልቃል።

እኔ ወንጂ ነው ያደግኩት። አባባ፣ የእናቴ አባት፣ የስኳር ፋብሪካው ሠራተኛ ነበሩ። መጀመሪያ አገዳ ቆራጭ ሆኑ፣ በኋላ ቦይለር ክፍል ገቡ፤ ቦይለር ውሃ አፍልቶ ለፋብሪካው እንፋሎት የሚሰጥ ትልቅ ማሞቂያ ነው። አሁን የምኖረው አዳማ ነው። በዕድራችን የሕይወት ታሪክ ማጻፍ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እኔ ጋ ይመጣል። የሚመጣው ደግሞ ሌሊቱን ነው፤ ድንኳን ተተክሎ፣ ጠዋት ሊነበብ። ልጆቹን «አባታችሁ ሥራ ላይ በትክክል ምን ነበር የሚያደርጉት?» ስላቸው እርስ በርስ ይተያያሉ። «ጋራዥ ነበሩ»፣ «ፋብሪካ ነበሩ»፣ «ምድር ባቡር ነበሩ» ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያውቀው የለም። አያት ወይም አባት በሕይወት ያላችሁ ሰዎች ይህን ሥራ ዛሬ ብትጀምሩት ደስ ይለኛል። እንዴት እንደሚሠራ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ከሥራው ጀምሩ

ብዙ ሰው የስልኩን መቅጃ ከፍቶ «አባባ፣ እስቲ ስለ ሕይወትዎ ይንገሩኝ» ይላል። መልሱ የታወቀ ነው፤ «ምን ሕይወት አለ ልጄ! ሠርተን በላን፣ ልጅ አሳደግን፣ ተመስገን።» መሸሻቸው አይደለም። ዕድሜ ልኩን በእጁ የሠራ ሰው ስለ ራሱ በጥቅሉ ማውራት አልለመደም። ስለ ሥራው ግን እናንተ የማታውቁትን ያውቃል፣ ሲጠየቅም ደስ ይለዋል።

ስለዚህ ትንሽ ነገር ጠይቁ። አባባን «ፈረቃ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት ምን ነበር?» አልኳቸው። ሳያስቡ ነው የመለሱት፤ «መስታወቷን ነዋ!» ቦይለሩ ውስጥ ያለውን የውሃ ልክ የምታሳይ ቀጭን የመስታወት ቱቦ አለች። ውሃው ከልክ በታች ከወረደ ብረቱ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ቦይለሩ ሊፈነዳም ይችላል። ስለዚህ ተረኛው የሚወጣውን ጓደኛውን እንደምን አደርክ ከማለቱ በፊት እሷን ያያል። ከመስታወቷ ተነስተን ሌሊት እንቅልፍ ሲመጣ ምን እንደሚያደርጉ መጣ። ከዚያ ማን ቡና ይዞ እንደሚገባ። ከዚያ አብሯቸው ስለሚቆመው ልጅ ተነሳ፤ ወባ ይዞት ተኝቶ ሊጠይቁት ሲመላለሱ፣ ልታስታምመው ከአገር ቤት ከመጣችው እህቱ ጋር እንዴት እንደተዋወቁ ነገሩኝ። ያቺ እህት አያቴ ናቸው። «እንዴት ተጋባችሁ?» ብዬ በቀጥታ ብጠይቅ ኖሮ «በሽማግሌ» ብለውኝ ያልፉ ነበር።

የሚጠየቀው እንዲህ ያለ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሥራውን ማን አሳየዎት? ጎንዎ የሚቆመው ማን ነበር? ካቦው ምን ዓይነት ሰው ነበር? ምሳ ማን ያመጣ ነበር፣ የት ቁጭ ብላችሁ ነው የምትበሉት? የትኛው ድምፅ ሲለወጥ ነው የሚደነግጡት? የመጀመሪያው ደመወዝ ምን ተገዛበት? ቱታው ቤት ሲገባ ምን ይሸት ነበር?

ከመጠየቃችሁ በፊት ግን ስለ ሙያው ጥቂት እወቁ። ጥያቄያችሁ የሚለየው በዚህ ነው። አገዳ የሚቆረጠው ከመሬት ጋር አስጠግቶ ነው፤ ስኳሩ ከታች በኩል ይበዛል። ጫፉ ይጣላል። የተቆረጠ አገዳ ካደረ ስኳሩ እየቀነሰ ስለሚሄድ በምርት ወራት ፋብሪካው ሌት ተቀን ይፈጫል፤ በዓልም አያውቅም። ይህን ያወቀ ሰው «ታዲያ በገና ማን ነበር የሚገባው?» ብሎ ይጠይቃል። እኔም ጠየቅኩ። አባባ «በገና እነ ሐጂ ይገቡልናል፣ በዓረፋ እኛ እንገባላቸዋለን፤ ማንም አዞን አይደለም» አሉኝ። ይህን ከቤተሰባችን ማንም ሰምቶት አያውቅም ነበር።

አገዳው ተፈጭቶ ጭማቂው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ገለባ ደግሞ ተመልሶ ቦይለሩ ውስጥ ይነዳል፤ እንፋሎቱ የሚገኘው ከእሱ ነው። ክረምት ሲገባ መፍጨት ይቆምና ጥገና ይጀመራል። ለጊዜያዊ ሠራተኛ ክረምት ማለት አገር ቤት መመለሻ ነው፤ ለቋሚው ቦይለር ውስጥ ገብቶ ቱቦ መፋቂያ ነው። «ክረምት ላይ የት ነበሩ?» የምትል ጥያቄ ሰውየው መቼ ቋሚ እንደሆነ ትነግራችኋለች።

የእናንተ አያት ሸማኔ ከሆኑ ስለ መወርወሪያቸው ጠይቁ። የምድር ባቡር ሠራተኛ ከሆኑ ድሬዳዋና ጅቡቲ መካከል ሌሊቱን የት እንደሚያድሩ። ግንበኛ ከሆኑ ደግሞ ጥያቄው ቀላል ነው፤ ታክሲ ያዙና የሠሩትን ሕንፃ ያሳዩአችሁ።

እጃቸው ላይ ነገር አስያዙ። አባባን የአጥር ዱላ ሰጥቼ «እንዴት ነው የሚቆረጠው?» አልኳቸው። ግራ እጃቸው የሌለውን አገዳ ጨበጠ፤ ቀኙ አንዴ ከታች፣ አንዴ ከላይ መታና ወደ ጎን ጣለ። ንግግራቸው ዝግ ያለ ነበር፤ እጃቸው ግን ፈጣን ነው። ይህን በቪዲዮ ያዙት፤ በቃል የሚጻፍ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ፤ በልጅነታቸው ቋንቋም ይጠየቁ። ወንጂ ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታና ከሌላም ቦታ የመጣ ሠራተኛ የሞላበት አገር ነው። አባባ አማርኛቸው ጥሩ ነበር፤ ስለ እናታቸው ሲያወሩ ግን ቃል ያጥራቸዋል። ከምባትኛ የሚችል የአክስቴ ልጅ አጠገባቸው ሲቀመጥ ወሬያቸው ሌላ ሆነ።

ዓመቱን በቀጥታ አትጠይቁ

«ስንት ዓመተ ምህረት ነበር?» ስትሉ ወይ ይሳሳታሉ ወይ ይናደዳሉ። በሚያውቁት ነገር አስጠግታችሁ ጠይቁ። አንድ ወረቀት ላይ አገር የሚያውቃቸውን ጊዜያት ደርድራችሁ ያዙ። ጣልያን የወጣበት 1933፣ የታኅሣሥ ግርግር 1953፣ ንጉሡ የወረዱበት መስከረም 1967፣ የመሬት አዋጁ የካቲት 1967፣ ብር የተቀየረበት 1969፣ ድርቁ 1977፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ የገባበት ግንቦት 1983። ከዚህ ጋር የአካባቢያችሁን ጨምሩበት። ለእኛ ለወንጂዎች እንዲህ ነው፤ ሆላንዶቹ ኤች ቪ ኤ በሚባል ኩባንያቸው ስም የተከሉት የመጀመሪያው ፋብሪካ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ነው። የቆቃ ግድብ በ1952 ተመረቀ። ሁለተኛው፣ ሸዋ ፋብሪካ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ ተከተለ። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በ1955 ተቋቋመ። ፋብሪካው ወደ መንግሥት የዞረው በ1967 ነው።

አባባ «ጣልያን ሲወጣ ጥጃ እጠብቅ ነበር» አሉ። ጥጃ የሚጠብቅ ልጅ አምስት ስድስት ዓመቱ ነው። ስለዚህ የተወለዱት በ1920ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው፤ እኔም እንደዚያው ጻፍኩ። ቀንና ወር መፍጠር አያስፈልግም። «ወንጂ የመጣሁት ግድቡ አልቆ፣ ሁለተኛው ፋብሪካ ሲተከል ነው» ሲሉም ሌላ ማስረጃ ሳልፈልግ ዘመኑን አገኘሁት።

የድሮ የኩባንያ ወረቀት በፈረንጅ አቆጣጠር ሊሆን ስለሚችል ተጠንቀቁ። ከጃንዋሪ እስከ መስከረም መባቻ ያለው ቀን ከሆነ ስምንት ቀንሱ፤ ከመስከረም መባቻ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ያለው ከሆነ ሰባት። ይህን ባለማወቅ አባታቸው ሳይቀጠሩ ደመወዝ የበሉ የሚመስልባቸው ቤተሰቦች አይቻለሁ።

የመሬቱንም ታሪክ አትዝለሉት። ወንጂ አገዳ ሳይተከልበት በፊት የጂሌ ኦሮሞዎች ከብት የሚያሰማሩበት የአዋሽ ዳር ሜዳ ነበር። እርሻው ሲመጣ ከዚያ ተነስተዋል። አባባ ሥራ ያገኙበት ቦታ ሌላው ግጦሹን ያጣበት ነው። በእኔ እምነት ሁለቱንም መጻፍ ይገባል፤ አባባም ሲጻፍ አልከፋቸውም።

ሳጥኗን ክፈቱ

በየቤቱ አልጋ ሥር አንዲት ሳጥን ወይም የብስኩት ቆርቆሮ አለች። የሥራ መታወቂያ፣ የጡረታ ደብተር፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ የማኅበር መዋጮ ደረሰኝ፣ የሐኪም ካርድ፣ አንዳንዴም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይገኝባታል። ማስጠንቀቂያውን አትለፉት። ሰውየው የት ቦታ፣ በምን ሰዓት፣ ምን ሲሠራ እንደነበር ቁልጭ አድርጎ የሚናገር ወረቀት እሱ ነው።

ወረቀቱን ይዛችሁ አትሂዱ። ሽማግሌ ሰው ወረቀቱ ከቤት ሲወጣ ልቡ ይሰቀላል፤ እውነቱንም ነው፣ ጡረታው በእሱ ነው። በር አጠገብ፣ የቀን ብርሃን ባለበት፣ ፍላሽ አጥፍታችሁ ፊትና ጀርባውን ፎቶ አንሱና ወዲያው ወደ ቦታው መልሱ። የፎቶግራፍ ጀርባም ይታይ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ያለበት ብዙ ነው፣ ከተማውን ይነግራችኋል። ፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ ከግራ ወደ ቀኝ አስጠሩና ስማቸውን ያኔውኑ ጻፉ።

ስም ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ከገጠር የመጣ ሠራተኛ ሲመዘገብ ጸሐፊው እንደሰማው ስለሚጽፍ፣ አንዳንዱም ሥራ ሲለውጥ ስሙን ስለሚለውጥ፣ አንድ ሰው በየወረቀቱ በተለያየ ስም ይገኛል። ሁሉንም ያዙ። የሥራ ጓደኞቹ የሚጠሩትም ቅጽል ስም ይጻፍ፤ ለቅሶ ላይ የሚያውቁት በዚያ ነውና።

ሰውነታቸውም ይጠየቅ

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። የሥራና የቦታ ታሪክ ሰውነት ላይ ይቀራል።

አባባ ከኋላቸው ስንጠራቸው አንገታቸውን አያዞሩም ነበር። ከወገባቸው ጀምሮ ሙሉ አካላቸው ነው የሚዞረው። ከእርሳቸው ጋር የሠሩ ብዙ ሽማግሌዎችም እንዲሁ ናቸው። እኛ ልጆቹ ደግሞ ጥርሳችን ቡናማ ነው። ምክንያቱ ውሃው ነው። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ የወንጂ ጉድጓዶች ውሃ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይዞ ነበር። ልጅ ሆኖ የጠጣው ጥርሱ ይበልዛል። ከአሥር ዓመት በላይ የጠጣው አዋቂ ላይ ደግሞ አጥንቱን እያደነደነ ጀርባና አንገት እንዳይታጠፍ የሚያደርግበት ጊዜ አለ። ይህ ስለ አባባ ከሚነገሩት ዋና ነገሮች አንዱ ነው። «በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» በሚለው ሐረግ ውስጥ ተቀብሮ መቅረት የለበትም ብዬ አምናለሁ።

የእናንተ አያት ጆሯቸው የከበደው ከየትኛው ማሽን ነው? ጣታቸው የተጣመመው በምን ሥራ ነው? ጉልበታቸው? ጠይቁ፣ ግን አስፈቅዱ። «ይህን ብጽፈው ቅር ይልዎታል?» በሉ። አይሆንም ካሉ አይሆንም ነው።

የማይወራም አለ። ከ1969 እና ከ1970 ዓ.ም.፣ ከቀይ ሽብር ዘመን ጋር ሲደርሱ ብዙ አባቶች ድምፃቸው ይቀንሳል። የሥራ ማቆም ላይ ማን ምን እንዳለ፣ ማን እንደታሰረ፣ ማን ማንን እንደጠቆመ፤ የተጠቆመውም የጠቆመውም ልጆች ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ። ዝም ሲሉ አትጫኑ። መቅጃውን አጥፉና ቡና ጠጡ። በኋላ ብቻችሁን ስትሆኑ ራሳቸው ያነሱት ይሆናል። ያን ጊዜ የነገሯችሁን ደግሞ ለቤተሰብ በሚቀረው ጽሑፍ እንጂ አደባባይ በሚነበበው አታስገቡ። በሕይወት ያለን ሰው ስም ያለ ፈቃዱ መጻፍ ፈጽሞ አይገባም።

ካለፉ በኋላ፣ ወይም እናንተ ሩቅ ከሆናችሁ

አያታችሁ ካረፉ ወደ ሴት አያታችሁ ሂዱ። ፋብሪካ ገብተው አያውቁ ይሆናል፤ ሥራውን ግን በቱታው ያውቁታል። አያቴ ስለ አገዳው ጥላሸት ከአባባ በላይ ይነግሩኛል። አገዳ ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ እንዲራገፍና እባቡ እንዲሸሽ እሳት ይለቀቅበታል፤ ጥላሸቱ እየበነነ በየካምፑ ያርፋል። የታጠበ ነጠላ ያሰጣችበት ቀን ሁሉ ትዝ ይላታል የወንጂ ሴት።

ቀጥሎ የሥራ ባልደረቦች ናቸው፤ ከተቻለ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጡ። አንዱ ሲሳሳት ሌላው ያርመዋል፤ እናንተ ዝም ብላችሁ መቅዳት ነው። አሠሪው ድርጅት እስካሁን ካለ የሥራ ልምድ ማስረጃ በጽሑፍ ጠይቁ። የዕድሩም መዝገብ ይታይ፤ መቼ እንደገቡ እዚያ አለ።

ዱባይ፣ ቤሩት ወይም አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ በኢሞ ወይም በዋትሳፕ አንድ የድምፅ መልእክት ላኩ፤ አንድ ጥያቄ ብቻ። አሥር ጥያቄ ባንድ ላይ ከላካችሁ መልስ አይመጣም። ቤት ያለ ልጅ ያሰማቸው፣ መልሳቸውን ይቅዳና ይላክላችሁ። ቴሌቪዥኑን እንዲያጠፋ ንገሩት።

አጻጻፉ

አሁን ያን መስመር እንመልከተው። በተለመደው አጻጻፍ የአባባ ታሪክ እንዲህ ይሆን ነበር፤

«በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ለረጅም ዓመታት በታማኝነትና በቅንነት አገልግለው በጡረታ ተገልለዋል።»

የተነበበው ግን ይህ ነው፤

«ከከምባታ ወደ ወንጂ የመጡት ሸዋ ፋብሪካ ሲተከል ነው። መጀመሪያ አገዳ ቆረጡ። ክረምት አገራቸው እየገቡ፣ መስከረም ሲጠባ እየተመለሱ ቆይተው ቦይለር ክፍል በቋሚነት ተቀጠሩ። የውሃዋን መስታወት ሳያዩ ለማንም ሰላምታ አይሰጡም ነበር። በዓረፋ ለሙስሊም ጓደኞቻቸው ፈረቃ ይገቡ ነበር፤ በገና እነሱ ይገቡላቸው ነበር። ሥራውን ካስተማሯቸው ልጆች መካከል ዛሬ እዚህ የቆሙ አሉ።»

ርዝመቱ ብዙም አልጨመረም። «ታማኝ» የሚል ቃል የለበትም፤ ታማኝነታቸው ግን ለሁሉም ገብቶታል። «ደግ»፣ «ሩኅሩኅ»፣ «ሰው ወዳድ» ብላችሁ ስትጽፉ ቆም በሉና ያንን ደግነት ያያችሁበትን አንድ ቀን ጻፉ። የምትጽፉት ቀን ከሌለ ቃሉን ሰርዙት።

ለአደባባይ የሚነበበው ከአንድ ገጽ ተኩል አይብለጥ፤ ሰው ፀሐይ ላይ ነው የቆመው። ለቤተሰብ የሚቀረው የፈለገውን ያህል ይርዘም። የልጆችን ስምና ቅደም ተከተል ለታላቁ ልጅ አሳዩ፤ ጠብ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው። በትልቅ ፊደል አትሙት። የሚያነበው ሰው የቦታና የሰው ስም ቀድሞ ይለማመድ።

ከሁሉ በላይ ግን፣ በሕይወት እያሉ አንብቡላቸው። «ምነው፣ ልትቀብሪኝ ነው?» የሚሉ አሉ። «አይደለም፤ ስህተት እንዳይኖርበት ያርሙልኝ» በሏቸው። ሠራተኛ ሰው የተበላሸ ነገር እያየ አያልፍም። አባባ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «እዚህ ጋ ኦፕሬተር ያልሽው መጀመሪያ ረዳት ነበርኩ፤ ኦፕሬተሩ ሌላ ሰው ነው፣ እሱን ጻፊ» አሉ። የሰውየውን ስም ከነአባቱ ነገሩኝ። ጻፍኩት፤ በቀብራቸው ዕለትም ከነስሙ ተነበበ።

ቅጂውን አብዙት። ድምፁን ስልካችሁ ላይ ብቻ አትተዉት፤ ስልክ ይጠፋል። ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት፣ ሚሞሪ ካርድ ላይም ገልብጡት፤ ፋይሉን በቁጥር ሳይሆን «አባባ፣ ስለ ቦይለር» ብላችሁ ሰይሙት። የታተመውን አንዱን ለዕድሩ ጸሐፊ፣ አንዱን ለታላቁ ልጅ፣ አንዱን ውጭ አገር ላለው ስጡ። ስማቸው ለተነሳ የሥራ ጓደኞች ልጆችም ይድረስ። እኔ ከሰጠኋቸው ውስጥ የአባታቸውን ፎቶ ይዘው ተመልሰው የመጡ አሉ፤ ፎቶው ላይ አባባም አሉበት።